አንዲት ጠብታ ደምና ማይክሮስኮፕ

ልጇን ንዳድ የያዘባት እናት ወደ ጤና ጣቢያ ስትመጣ፥ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚያዘው የደም ምርመራ ነው። የሕፃኑ ጣት ጫፍ በመርፌ ይወጋል፤ ሕፃኑም ያለቅሳል፤ ጠብታ ደም በቀጭን የመስተዋት ስላይድ ላይ ታርፋለች፤ ከዚያም የላቦራቶሪው በር ይዘጋል። እናቲቱ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ግማሽ ሰዓት፥ አንዳንድ ጊዜም አንድ ሰዓት ሙሉ ትጠብቃለች። አብሯት የመጣው ዘመድ «ወባ መሆኑ እየታወቀ ምን ያስጠብቃል? መድኃኒቱን ሰጥተው ቢያሰናብቱን ምን ነበረበት?» ሲል መስማት የተለመደ ነው። እኛም በዛሬው ጽሑፋችን ከዚያ በር ወዲያ ምን እንደሚሠራ፥ በጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ማይክሮስኮፕ የተባለው መሣሪያም ከምን ከምን እንደ ተሠራና እያንዳንዱ ክፍል ለምን እንደሚያገለግል ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ትኩሳት የበሽታ ምልክት እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። ከውጭ ሲታይ ንዳድ የሚመስለው ተስቦ ሊሆን ይችላል፤ ቅማል የምታዛምተው የሚያገረሽ ትኩሳት ሊሆን ይችላል፤ የሳንባ ምችም ሊሆን ይችላል። ወባም ቢሆን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በአገራችን የሚበዙት ሁለት ናቸው። አንደኛው ፋልሲፓረም የተባለው፥ በቶሎ ካልታከመ አንጎልን ጐድቶ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ሊገድል የሚችለው ነው። ሁለተኛው ቫይቫክስ የተባለው፥ በጕበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እንደገና የሚነሣው ነው፤ ይህንንም ከደም ውስጥ ብቻ ሳይሆን ከተደበቀበት ከጕበት የሚያጠፋ ተጨማሪ መድኃኒት ያስፈልገዋል። እንግዲህ «ወባ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም፤ የትኛው ወባ እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። የወባ ነገር እንደ ቀላል የሚታይ እንዳይደለም የ1958ቱ ወረርሽኝ ምስክር ነው፤ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው፥ ሕዝቡ በሽታውን ባልለመደባቸው ወረዳዎች ሳይቀር ገብቶ፥ እንደ ተገመተው 3 ሚሊዮን ሰዎችን አሳምሞ 150,000 ያህሉን ፈጅቷል።

አሁን የነገሩን ትንሽነት እንመልከት። ጤናማ ዓይን ያለው ሰው ያለ መሣሪያ ለይቶ ሊያይ የሚችለው ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል የሚሆነውን ነገር ነው፤ ከዚያ ያነሰውን ማየት ይሳነዋል። ቀይ የደም ሕዋስ ግን ስፋቱ አንዱ ሚሊሜትር በሺሕ ቢከፈል ሰባት ወይም ስምንት እጅ ብቻ ስለ ሆነ፥ አንዲት ሚሊሜትር ለመሙላት ከ120 የማያንሱ ሕዋሳት ጐን ለጐን መሰለፍ አለባቸው። ገና ለጋ የሆነው የፋልሲፓረም ተውሳክ ደግሞ በዚያ ሕዋስ ውስጥ እንደ ጣት ቀለበት ሆኖ የሚታይ፥ የሕዋሱንም ስፋት አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ የሚይዝ ነው።

ይህን የመሰለውን ረቂቅ ዓለም መጀመሪያ ካዩት ሰዎች አንዱ የተማረ ሐኪም አልነበረም። በሆላንድ አገር በዴልፍት ከተማ ጨርቅ ነጋዴ የነበረው አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ (1632–1723) ነው። በሁለት የብረት ዝርጎች መካከል የተጣበቀች አንዲት ኢምንት ሌንስ ሠርቶ፥ ዓይኑን ከእርሷ ላይ አስጠግቶ፥ በኵሬ ውሃ ውስጥ የሚርመሰመሱ ነፍስ ያላቸው ነገሮችን አየ፤ ያየውንም በ1676 ለለንደኑ የንጉሣዊ ሳይንስ ማኅበር በደብዳቤ ገለጸ። ከመሣሪያዎቹ መካከል ከ250 ጊዜ በላይ የሚያጐላው እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። ሌንስ የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ምስር ማለት ነው፤ መስተዋቱ ከመካከሉ ወፍሮ ከዳሩ ስለሚቀጥን የምስር ፍሬ ይመስላልና። በአማርኛም «ምስሪት» ብለው የጻፉ አሉ። አንባቢያችን የሌንስን ጠባይ ለመረዳት ቢፈልግ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልገውም። በዚህ ጋዜጣ ፊደሎች ላይ ውሃ የማያሳልፍ ጥርት ያለ ስስ ላስቲክ አንጥፎ፥ አንዲት ጠብታ ውሃ ቢያንጠባጥብበት፥ ከጠብታዋ ሥር ያለው ፊደል ጐልቶ ይታየዋል። ልጆች ይህን እንዲሞክሩት ቢደረግ መልካም ነው።

የሌቨንሁክ መሣሪያ ባለ አንድ ሌንስ ነበር። በዛሬው ጊዜ በየጤና ጣቢያውና በየትምህርት ቤቱ የሚገኘው ግን ጥምር ማይክሮስኮፕ ይባላል፤ ይኸውም ከናሙናው አጠገብ ያለው አንደኛው የሌንስ ስብስብ የነገሩን የጐላ ምስል በቱቦው ውስጥ ሲሠራ፥ ከዓይን አጠገብ ያለው ሁለተኛው ደግሞ ያንን ምስል እንደገና ስለሚያጐላው ነው።

ስለ መቆሚያውና ስለ ክንዱ ብዙ የምንለው የለም። መቆሚያው ከባድ የሆነው እንዳይነቃነቅ ነው፤ ክንዱ ቱቦውን ይሸከማል። መሣሪያውን ከቦታ ወደ ቦታ ለማዛወር የፈለገ ሰው በአንድ እጁ ክንዱን ይዞ በሌላው እጁ ከመቆሚያው ሥር ሊደግፈው ይገባል። ይህን ትእዛዝ የማያውቅ ተማሪ የለም፤ የሚፈጽመው ግን ጥቂት ነው።

ብርሃኑ የሚመጣው ከታች ነው። በድሮዎቹ ላይ አንድ ገጹ ዝርግ ሌላው ገጹ ጐድጓዳ የሆነ መስተዋት ይገኛል፤ የመስኮትን ወይም የመብራትን ብርሃን ይቀበልና ወደ ላይ ይመልሳል። መብራት በሌለበት ገጠር ይህ መስተዋት ዛሬም ታላቅ ውለታ ይሠራል፤ ነገር ግን በቀጥታ ወደ ፀሐይ ማዞር ዓይንን ሊያጠፋ ስለሚችል ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በአዲሶቹ ላይ በመስተዋቱ ፈንታ ትንሽ አምፑል አለ።

ከብርሃኑ በላይ፥ ከናሙናው በታች፥ ኮንደንሰር የተባለው ክፍል ይገኛል። በእኛ አስተያየት ከማይክሮስኮፑ ክፍሎች ሁሉ እንደዚህ የተረሳና የተበደለ የለም። ተማሪዎች ስሙን በቃላቸው ይወጡታል፤ ፈተና ላይም ይጽፉታል፤ ከዚያ በኋላ እጃቸው አይነካውም። ኮንደንሰር ራሱ የሌንስ ስብስብ ነው፤ ሥራውም የተበተነውን ብርሃን ሰብስቦ፥ ልክ በናሙናው ላይ በሚያርፍ ሰፊ ጕልላት መልክ ማቅረብ ነው። ከሥሩ ደግሞ እንደ ዓይን ብሌን የሚጠብና የሚሰፋ፥ ዲያፍራም የሚባል የብርሃን በር አለ። በሩ ሲጠብ የነገሩ ጠርዝ ይደምቃል፤ ስለዚህ ቀለም ላልተቀባ ናሙና፥ ለምሳሌ ለሰገራ ምርመራ፥ በመጠኑ ማጥበብ ይጠቅማል። በሩ ሲሰፋ ግን ጥቃቅኑ ዝርዝር ይለያል፤ ስለዚህ በቀለም ለተነከረ ደም ኮንደንሰሩን ወደ ላይ አስጠግቶ በሩን መክፈት ግድ ነው። ብርሃኑ በዛብኝ ብሎ ኮንደንሰሩን ወደ ታች የሚያወርድ ሠራተኛ ዓይኑን ያሳርፍ ይሆናል፤ ነገር ግን ቀለበቷን የምታህለውን ተውሳክ ከቀለም እድፍ ለመለየት ያለውን ኀይል በገዛ እጁ ይቀንሳል። ብርሃን ሲበዛ መቀነስ ያለበት አምፑሉ ነው።

ስላይዱ የሚቀመጥበት ጠፍጣፋ መድረክ ከመካከሉ የተበሳ ነው፤ ብርሃኑ የሚያልፈው በዚያ ነው። ስላይዱን በሁለት ዊንጮች ወደ ቀኝና ወደ ግራ፥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በዝግታ ማንቀሳቀስ ይቻላል። ጀማሪውን ሁሉ የሚያስገርመው ስላይዱ ወደ ቀኝ ሲገፋ ምስሉ ወደ ግራ መሸሹ ነው፤ ምስሉ ተገልብጦ ስለሚታይ ነው። «ሀ» የሚል ፊደል ከጋዜጣ ተቈርጦ በመድረኩ ላይ ቢቀመጥ፥ በማይክሮስኮፑ ውስጥ አፉን ወደ ታች ደፍቶ «ለ»ን ለመምሰል ጥቂት ይቀረዋል።

አሁን ወደ ዋናዎቹ ወደ ኦብጀክቲቭ ሌንሶች ደርሰናል። እነዚህ በሚሽከረከር አፍንጫ ላይ የተተከሉ ሦስት ወይም አራት ቱቦዎች ናቸው። ባለ 4ቱ አካባቢውን ለመቃኘት ነው። ባለ 10ሩ የትላትልን እንቍላል ያሳያል፤ በአንጀት የሚኖረው የቢልሃርዝያ እንቍላል ከጐኑ እሾህ የመሰለ ነገር ስላለው በዚሁ ሌንስ ይታወቃል። ስለ ቢልሃርዝያ ካነሣን፥ የበሽታው ተሸካሚ የሆኑት ቀንድ አውጣዎች በእንዶድ እንደሚሞቱ በ1964 በዓድዋ ተመልክተው ለዓለም ያስታወቁት ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ መሆናቸውን ሳንጠቅስ አናልፍም። ባለ 40ው ሕዋሳትን ለመመልከት ያገለግላል። ባለ 100ው ደግሞ የወባና የሳንባ ነቀርሳ ሌንስ ነው። የዓይን ሌንሱ ብዙውን ጊዜ 10 ጊዜ የሚያጐላ ስለ ሆነ፥ 10 በ100 ሲባዛ ምስሉ 1,000 ጊዜ ጐልቶ ይታያል ማለት ነው።

«ታዲያ 1,000 ከተቻለ 10,000 ለምን አይሆንም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በጋዜጣ ላይ የታተመን ፎቶግራፍ በአጉሊ መነጽር የተመለከተ ሰው የሚያገኘው የበለጠ የጠራ ፊት ሳይሆን የቀለም ነጠብጣብ ብቻ ነው፤ በሥዕሉ ውስጥ የሌለውን ዝርዝር ማጕላት ሊፈጥረው አይችልም። የማይክሮስኮፕም ነገር እንደዚሁ ነው። በጀርመን አገር በዬና ከተማ በካርል ዛይስ ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ኤርንስት አቤ በ1873 እንዳስረዱት፥ ሌንስ ሁለት ጥቃቅን ነጥቦችን ለይቶ ለማሳየት ያለው ችሎታ የሚወሰነው በብርሃኑ የሞገድ ርዝመትና ሌንሱ ከናሙናው በሚሰበስበው የብርሃን ስፋት ነው። በተራ ብርሃን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ከ0.2 ማይክሮሜትር ያነሰ ርቀት ያላቸውን ሁለት ነጥቦች ለይቶ አያሳይም፤ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። ከአቤ በፊት የሌንስ ሠሪዎች ሥራ በአመዛኙ ሙከራ ነበር፤ የተሳካው ይሸጣል፥ ያልተሳካው ይጣላል። ከእርሳቸው ወዲህ በስሌት ሆነ። በሌንሱ ቱቦ ላይ ከማጕያው ቁጥር ቀጥሎ 0.25፥ 0.65 ወይም 1.25 ተብሎ የሚነበበው ይኸው የብርሃን መሰብሰቢያ ስፋት ነው። ማይክሮስኮፕ የሚገዛ ትምህርት ቤት ከማጕያው ቁጥር ይልቅ ይህን ቁጥር ቢመለከት ይበጀዋል፤ በሣጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ግን ምንጊዜም ማጕያው ነው።

ይህ ቁጥር በአየር ውስጥ ከ1 ሊያልፍ አይችልም። ምክንያቱም ብርሃን ከመስተዋት ወጥቶ ወደ አየር ሲገባ፥ በውሃ ብርጭቆ ውስጥ የቆመ እንጨት ተሰብሮ እንደሚታይ ሁሉ፥ መንገዱን አጥፎ ወደ ውጭ ይበተናል፤ አጋድሎ የመጣው ጨረርም ከሌንሱ አፍ ይስታል። መድኃኒቱ በስላይዱና በሌንሱ መካከል ያለውን አየር አስወግዶ፥ ብርሃንን እንደ መስተዋት የሚያሳልፍ ዘይት በቦታው መተካት ነው። ያን ጊዜ ብርሃኑ መስተዋትንና ዘይትን ለይቶ ስለማያውቅ ሳይታጠፍ በቀጥታ ወደ ሌንሱ ይገባል። የመስተዋት ዘንግ በዚህ ዘይት ውስጥ ቢነከር ለዓይን ይሰወራል፤ ይህም ትንሽ ምትሐት ይመስላል። ቀድሞ የሴዳር ዛፍ ዘይት ይሠራበት ነበር፤ አሁን ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ዘይት አለ። ሮበርት ኮክ የሳንባ ነቀርሳን ባሲል ማግኘታቸውን በማርች 24 ቀን 1882 በበርሊን ሲያስታውቁ፥ ያዩበት መሣሪያ የአቤ ኮንደንሰርና የዘይት ሌንስ የተገጠመለት ነበር። እንግዲህ በጤና ጣቢያ ሠራተኛው ከትንሽ ጠርሙስ የሚያንጠባጥባት ዘይት ለጌጥ የተጨመረች አይደለችም፤ እርሷ ከሌለች ባለ 100ው ሌንስ የሚያሳየው ጉም ነው።

ምስሉን የሚያጠሩት ሁለት ዊንጮች በክንዱ ጐን ይገኛሉ። ትልቁ መድረኩን በፍጥነት ያነሣል፥ ያወርዳል፤ ትንሹ ግን በረቂቁ ያንቀሳቅሳል። በባለ 100ው ሌንስ በአንድ ጊዜ ጠርቶ የሚታየው ውፍረት ከአንድ ማይክሮሜትር ያነሰ ስለ ሆነ፥ ልምድ ያለው ሠራተኛ ሲመለከት እጁ ከትንሹ ዊንጭ ላይ አይለይም፤ ደሙን እንደ መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል እየገለጠ ያነባል ለማለት ይቻላል። ሌንሱ ከስላይዱ ያለው ርቀት ደግሞ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ትልቁን ዊንጭ በዓይን ሌንስ እያዩ ወደ ናሙናው ማስጠጋት ስላይዱን ይሰብራል፥ ሌንሱንም ይፍቃል። መጀመሪያ ከጐን እያዩ ማስጠጋት፥ ቀጥሎም በሌንሱ እያዩ ማራቅ ነው ሥርዓቱ።

ከሁሉም በላይ ያለቀለት መሣሪያ ቢኖርም፥ ደሙ ካልተዘጋጀ የሚታይ ነገር የለም። ፈረንሳዊው የጦር ሐኪም አልፎንስ ላቨራን በኖቬምበር 6 ቀን 1880 በአልጄሪያ በኮንስታንቲን ከተማ የወባን ተውሳክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩ ቀለም አልተጠቀሙም፤ በአንድ ወታደር ትኩስ ደም ውስጥ ጅራፍ የመሰሉ ክሮች ሲወራጩ በማየታቸው ነበር። ይህ ዕድል በየቀኑ አይገኝም። ስለዚህ ጉስታቭ ጊምሳ በ1904 ያሻሻሉት ቀለም እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ የተውሳኩን አስኳል በቀይ፥ ሰውነቱን በሰማያዊ ይቀባል። በአንዱ ስላይድ ላይ ሁለት ዓይነት ቅብ ይዘጋጃል። ወፍራሙ ቅብ ብዙ ደም በትንሽ ቦታ ስለሚይዝ ተውሳክ መኖር አለመኖሩን ያስታውቃል፤ ስሱ ቅብ ሕዋሳቱ ሳይደራረቡ ስለሚያሳይ ዓይነቱን ይለያል። በቫይቫክስ የተያዘው ሕዋስ አብጦ ነጠብጣብ ይታይበታል፤ የፋልሲፓረም የጾታ ሕዋስ ደግሞ የሙዝ ቅርጽ አለው።

እናቲቱ የምትጠብቅበት ምክንያት እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ወፍራሙ ቅብ በራሱ ጊዜ መድረቅ አለበት፤ በእሳት ቢያስቸኵሉት ደሙ ከመስተዋቱ ላይ ይበስልና ቀለሙ በትክክል አይገባውም። በጊምሳ ቀለም መነከሩ፥ ቀለሙ ጠንከር ያለ ሲሆን እንኳ 10 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ መታጠብና እንደገና መድረቅ አለ። ከዚያም ሠራተኛው ይመለከታል። በባለ 100ው ሌንስ በአንድ ጊዜ የሚታየው ክብ መስክ ስፋቱ 0.2 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ «ተውሳክ የለም» ብሎ ከመጻፉ በፊት ቢያንስ 100 መስኮችን መመልከት ይገባዋል። ወረፋው በበዛበት ቀን 20 መስክ አይቶ «የለም» ብሎ የጻፈ ሠራተኛ፥ ጥቂት ተውሳክ ያለበትን ሕፃን ያለ መድኃኒት ወደ ቤቱ ሊመልሰው ይችላል። በበሩ ላይ የሚያንኳኩና «ቶሎ በል!» የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያውቁ እጃቸውን የሚሰበስቡ ይመስለናል።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በ15 ወይም በ20 ደቂቃ ውስጥ ውጤት የሚሰጥ፥ ማይክሮስኮፕ የማያስፈልገው ፈጣን መመርመሪያ ተስፋፍቷል፤ ላቦራቶሪ በሌለበት የገጠር ጤና ኬላ ብዙ ሰው አድኗል። ይሁን እንጂ ማይክሮስኮፕን ከሥራ ያስወጣዋል የተባለው ግምት አልሰመረም። ብዙዎቹ መመርመሪያዎች የሚፈልጉት የፋልሲፓረም ተውሳክ የሚያወጣውን አንድ ፕሮቲን ነው፤ ይህን ፕሮቲን የሚሠራው የዘር ቅንጣት የጐደለው ተውሳክ ግን ተገኝቷል፤ ከሁሉ ይልቅ በስፋት ከታየባቸው አገሮች መካከል ኤርትራና ኢትዮጵያ ይገኛሉ። ይህ ተውሳክ በደም ውስጥ ሞልቶ ሳለ እንዲህ ያለው መመርመሪያ «የለም» ይላል። ኤርትራ በ2016 መመርመሪያዋን በሌላ ዓይነት የለወጠችው በዚሁ ምክንያት ነው። በማይክሮስኮፕ የሚያይ ሰው ግን የሚመለከተው ራሱን ተውሳኩን ስለ ሆነ፥ የፕሮቲኑ መኖርና አለመኖር አያታልለውም።

የቀረን ስለ መሣሪያው አያያዝ ጥቂት መናገር ነው። በቆላና እርጥበት ባለበት አገር የማይክሮስኮፕ ትልቁ ጠላት ሻጋታ ነው፤ በሌንሱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ይዘረጋና መስተዋቱን ይበላዋል። ስለዚህ ማታ ማታ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል በተጨመረበት በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ማኖር፥ ወይም መብራት ባለበት ቦታ ትንሽ አምፑል በሚበራበት ቁም ሣጥን ማስቀመጥ ይጠቅማል። በደጋና በደረቅ ወራት ደግሞ ጠላቱ አቧራ ነው፤ ሌንስን በጋዎን ጫፍ ወይም በመሐረብ መጥረግ አቧራውን እንደ አሸዋ ወረቀት ስለሚያስፈገፍገው የተከለከለ ነው። የቀኑ ሥራ ሲያበቃ ሠራተኛው ዘይቱን ከባለ 100ው ሌንስ ላይ በለስላሳ የሌንስ ወረቀት ያነሣል፤ ባለ 40ው ሌንስ ዘይት ነክቶት እንደ ሆነ ይመረምራል፤ አፍንጫውን አዙሮ ባለ 4ቱን ወደ ታች ይመልሳል፤ መድረኩን ያወርዳል፤ መብራቱን ቀንሶ ያጠፋል፤ ሽፋኑንም ያለብሰዋል።